የዘማች አስታማሚ መቃብር እንዴት ይፈለጋል? ከልዕልት ፀሐይ ታሪክ ለአርሲ ደጋ የመስክ ጥናት የሚወሰድ ትምህርት

አጭር መግለጫ

ይህ ጽሑፍ በጦርነት ዘመን በፈቃዳቸው ቁስለኛ ሲረዱ የነበሩ ሰዎችን የመቃብር ቦታ ለመፈለግ የሚያስችል የአሠራር መንገድ ያቀርባል። መነሻው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም በነርስነት የሠለጠኑት የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ ነው። ከዚሁ ጎን በ1928 ዓ.ም. ጦርነት በቀይ መስቀል ሥር ያገለገሉ ሌሎች ሰዎች ይነሣሉ። በመጨረሻም የተገኘው ትምህርት በሁሩታና በአካባቢዋ እንዴት ሊሠራበት እንደሚችል ይብራራል።

መግቢያ

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ የተከፈተው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በመሆኑ ማኅበሩ ለመደራጀት ያገኘው ጊዜ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። በዚህ ጥበት ውስጥ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከኔዘርላንድና ከብሪታንያ የሕክምና ቡድኖች መጡ፤ ኢትዮጵያውያንም በድሬሰርነት፣ በአስተርጓሚነት፣ በቃሬዛ ተሸካሚነትና በአስታማሚነት ተሰለፉ።

የእነዚህ ሰዎች መዝገብ አያያዝ እኩል አልነበረም። የውጭ አገር ሐኪሞች ለየአገራቸው ማኅበር ዘገባ ይልኩ ስለነበር ስማቸው፣ የሠሩበት ቦታና የደረሰባቸው ጉዳት ተጽፎ ቀርቷል። ወታደሩም ቢሆን በአለቃው ስም የሚጠራ ሠራዊት አባል ስለነበረ ዘመዶቹ «ከእገሌ ጦር ጋር ዘመተ» ይሉታል። በፈቃዷ የዘመተች ኢትዮጵያዊት አስታማሚ ግን ከሁለቱም መዝገብ ውጭ ናት። ስለዚህ መቃብሯን መፈለግ ማለት ብዙውን ጊዜ መዝመቷን ራሱን የማረጋገጥ ሥራ ነው። የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር በአዲስ ግንባታ ምክንያት በሚታረስበትና የዘመኑ ምስክሮች ባለቁበት በዛሬው ጊዜ፣ ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።

አራት ቦታዎች፣ አንድ መቃብር

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። ጦርነቱ ሲቃረብ የኢትዮጵያ ሴቶችን የሥራ ማኅበር በመምራት ለቁስለኞች ማሰሪያ ጨርቅ እንዲዘጋጅ አስተባብረዋል። ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ስደት ከሄዱ በኋላ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ብቃታቸው ተመስክሮ ተመረቁ። ቀጥሎም ጠቅላላ የነርስነት ሥልጠና ለማግኘት ወደ ጋይስ ሆስፒታል ተዛወሩ። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከሌተና ኮሎኔል አቢይ አበበ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ባለቤታቸው በተሾሙበት በወለጋ፣ በለቀምት ከተማ ዐረፉ።

ስለ ማረፊያቸው የሚጠይቅ ተመራማሪ አራት ቦታዎች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው ሕይወታቸው ያለፈበት ለቀምት ነው። ሁለተኛው በስማቸው የተሠራው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው፤ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ በማሰባሰብ የደከሙለት ይህ ሆስፒታል በ1951 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል በሚል ስም ይታወቃል። ሦስተኛው ወላጆቻቸው፣ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ያረፉበት የመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። አራተኛው ደግሞ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ለአባታቸው መታሰቢያ ያሠሩት የታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ነው። መቃብራቸው የሚገኘው በዚህ በአራተኛው፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ባረፉበት ምድር ቤት ውስጥ ነው።

እያንዳንዱ የተሳሳተ አቅጣጫ የራሱ ምክንያት አለው። ለቀምት የሚያመላክተው የሞትን ቦታ እንጂ የቀብርን ቦታ አይደለም። ሆስፒታሉ መታሰቢያ ነው፤ መታሰቢያ ደግሞ የሚተከለው ሥራው ለሚቀጥልበት ስፍራ እንጂ አስከሬኑ ላለበት አይደለም። ሥላሴ ካቴድራል የሚጠረጠረው በቤተሰብ ዝምድና ነው፤ ነገር ግን ሥራው በወረራው ምክንያት ተቋርጦ የቆየ ሕንፃ ስለነበር በ1934 ዓ.ም. ይኖረው የነበረውን ሁኔታ ኋላ ባገኘው ክብር መመዘን አይገባም። የቤተሰቡ መቃብር የት እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት «በዚያ ዓመት የቤተሰቡ መቃብር የት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

የሞት ቦታና የቀብር ቦታ

የሞትና የቀብር ቦታ መለያየት በቤተ መንግሥት ሰዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የቀይ መስቀል አውሮፕላን አብራሪ ሆነው በፈቃዳቸው አገልግለዋል። ሕይወታቸው ያለፈው ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ጎዴ ላይ ሲሆን የተቀበሩት አዲስ አበባ ነው።

በአንጻሩ አስከሬን የሚያነሣ ሰው ሳይገኝ የሚቀርበት ሁኔታ አለ። ጡረተኛው የብሪታንያ መኮንን ጄራልድ በርጎይን ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በፈቃዳቸው መጥተው፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልን የበቅሎ ጓዝ እየመሩ ከደሴ ወደ ራስ ሙሉጌታ ጦር ተጓዙ። ከአምባ አራዶም ውጊያ በኋላ ሠራዊቱ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ በዚያው ማፈግፈግ መካከል ሞቱ። ባለቤታቸው ከጦር ሜዳ የተላኩትን ደብዳቤዎች በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ደብዳቤዎቹ ጓዙ የተጓዘበትን መንገድ ያሳያሉ፤ ሞታቸው ግን ከመንገዱ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ የጥናቱ ትክክለኛ ውጤት አንድ ነጥብ ሳይሆን በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ነው። መስመሩን ወደ ነጥብ ለማጥበብ መቸኮል ለቤተሰብ ሐሰተኛ መጽናኛ መስጠት ይሆናል።

ስም የሚደብቀውና የሚገልጠው

ሁለተኛው መሰናክል ስም ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ሟች በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ሲልቪያ ፓንክኸርስት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉ በሥላሴ ካቴድራል ቅጥር የተቀበሩት «ወለተ ክርስቶስ» በሚል ስም ነው። የዓለም ስማቸውን ብቻ የያዘ ሰው የጸሎት መዝገብ ቢገለጥለት እንኳ አያገኛቸውም። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «የክርስትና ስሟ ማን ነበር?» የሚል መሆን ይኖርበታል።

የሥራ ስምም ተለውጧል። ዛሬ «ነርስ» የምንለው በቀድሞ ጽሑፎች «አስታማሚ» ወይም «ድሬሰር» ሆኖ ይገኛል፤ «በጎ ፈቃደኛ» የሚለውም «ወዶ ዘማች» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ነቀምቴ ለቀምት፣ አዳማ ናዝሬት፣ አርሲም አሩሲ ተብለው ተጽፈዋል። በጋዜጣና በቤተ መዛግብት ውስጥ በአዲሱ ስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ የሰነዱ አለመኖር ሳይሆን የቃሉ አለመግጠም ባዶ እጁን ይመልሰዋል።

የማዕረግ ለውጥም ያሳስታል። የልዕልት ፀሐይ ባለቤት በጋብቻው ጊዜ ሌተና ኮሎኔል ነበሩ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሲሆኑ ግን የሚጠሩት ሌተና ጄኔራል ተብለው ነው። በባል ማዕረግ ሚስትን መፈለግ የሚጀምር ሰው ማዕረጉ የየትኛው ዘመን እንደሆነ አስቀድሞ መለየት አለበት።

የቀን አቆጣጠር

የስዊድን ቀይ መስቀል ቡድን በመልካ ዲዳ በቦምብ የተደበደበው ዲሴምበር 30 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ነው። በፈቃዱ አስታማሚ ሆኖ የመጣው ጉናር ሉንድስትረም ሕይወቱን ያጣው በዚህ ድብደባ ነው። ይህ ቀን በአብዛኞቹ ዓመታት ታኅሣሥ 21 ላይ ይውላል። ሆኖም 1927 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ስለነበር 1928 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቀን ታኅሣሥ 20 ይሆናል። የአንድ ቀን ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቃል ምስክርነትን ከጽሑፍ ዘገባ ጋር ስናስተያይ ሁለቱ የተጋጩ ያስመስላል።

የቃል ምስክርነት ደግሞ የራሱ ትክክለኛነት አለው። አረጋውያን ቀን የሚቆጥሩት በወርኃዊ በዓል ነው፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም ነው። «በነሐሴ ሐና ዕለት ዐረፈች» የሚል ቃል ነሐሴ 11 ማለት ነው፤ ይህም የልዕልት ፀሐይ ዕረፍት የዋለበት ቀን ነው። ዓመቱ ቢረሳም ቀኑ በሙት ዓመትና በተዝካር እየታሰበ ይቆያል። ተመራማሪው ዓመቱን ከሰነድ፣ ቀኑን ከቤተሰብ ወስዶ ሊያጋጥማቸው ይችላል።

አፅም ይፈልሳል

መቃብር ከተገኘ በኋላም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ነው ወይስ የመጨረሻው? የዳግማዊ ምኒልክ አስከሬን ወደ በዓታ ከመፍለሱ በፊት በቤተ መንግሥቱ ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አፅም ከቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ በበዓታ ለዓመታት ቆይቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። በገጠር አጥቢያዎችም ቤተ ክርስቲያን ሲሰፋ ወይም ቦታ ሲጠብ አፅም ተለቅሞ ወደ ሌላ ጉድጓድ ወይም ፉካ ይዛወራል። ስለዚህ የአንድ መቃብር ታሪክ ሲጻፍ የሕንፃውም የእድሳት ታሪክ አብሮ መጻፍ አለበት።

ወደ ሁሩታ

ከላይ የተነሡት ጉዳዮች ስማቸው የታወቀ ሰዎች ናቸው። አሠራሩ ወደ አርሲ ደጋ ሲወርድ መስተካከል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከለቀምት እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አስከሬን ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ የሚያርፈው አቅም ላለው ቤተሰብ ነው። ከሁሩታ ወጥታ የዘመተች ተራ አስታማሚ በሞተችበት አቅራቢያ መቀበሯ የበለጠ ያመዝናል። ሙስሊም ከሆነች ደግሞ ቀብር ሳይዘገይ የሚፈጸም በመሆኑ ፍለጋው ከሞት ቦታው መጀመር አለበት። በልዕልቲቱ ጉዳይ የተሳሳተ አቅጣጫ የነበረው የሞት ቦታ ለእርሷ ዋናው ፍንጭ ይሆናል።

የመቃብሩም መልክ እንደ ሃይማኖቱና እንደ ባህሉ ይለያያል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ በቅርጽና በሥዕል ያጌጡ የመቃብር ድንጋዮች ይታወቃሉ፤ እነዚህ ስለ ሟች ማንነት በምስል ይናገራሉ። በአንጻሩ ብዙ መቃብሮች ከጥቂት ድንጋይ በቀር ምልክት የላቸውም፤ እነዚህን የሚለያቸው የጎረቤት ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ የመስክ ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢካሄድ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ከቤተሰብ የክርስትና ወይም የእስልምና ስም፣ ከማን ጋር እንደዘመተችና ሙት ዓመቷ በየትኛው በዓል እንደሚታሰብ ይጠየቃል። በሁለተኛ ደረጃ በአጥቢያው ከቄሰ ገበዙና ከሰበካ ጉባኤው፣ ወይም ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋር በመሆን ቅጥሩ መቼ እንደታደሰና አፅም ወዴት እንደተዛወረ ይመዘገባል። ለኋለኛው ዘመን ሟቾች የዕድር መዝገብ ተጨማሪ ምስክር ነው። በሦስተኛ ደረጃ የተገኘው ስምና ቀን በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረው ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስብስቦች ጋር ይመሳከራል። ለ1928 ዓ.ም. ጦርነት በጄኔቭ የሚገኘው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ቤተ መዛግብት የልዑካኑን የሲድኒ ብራውንንና የማርሴል ዡኖን ዘገባዎች ይዟል። በመጨረሻም የተገኘው ቦታ በፎቶግራፍና በአቅጣጫ መጠቆሚያ ይያዛል እንጂ ያለ ቤተሰብና ያለ አጥቢያ ፈቃድ አይቆፈርም።

መደምደሚያ

የሞት ቦታ፣ መታሰቢያ፣ የቤተሰብ መቃብርና ትክክለኛው ማረፊያ አራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የልዕልት ፀሐይ ጉዳይ በግልጽ ያሳያል። የታሪካቸው ሰነድ ተሟልቶ በተገኘ ሰው ላይ እንኳ አራት ቦታ የሚነሣ ከሆነ፣ በዝርዝር ውስጥ ስሟ ላልገባ አስታማሚ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። እያንዳንዱን ፍንጭ «ይህ የሚነግረኝ ስለ ሞቷ ነው፣ ስለ ክብሯ ነው፣ ስለ ዘመዶቿ ነው ወይስ ስለ አፅሟ?» ብሎ መለየት የጥናቱ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚገኘው በየአጥቢያው ነው፤ እርሱም ቅጥሩ ከመታደሱና ቃሉን የያዘው ሽማግሌ ከማለፉ በፊት የሚሠራ ነው።