የምወዳቸው 3 የስታር ትሬክ ክፍሎች

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ አንድ ተከታታይ ፊልም ላስነብባችሁ ነው። ፊልም ምን ያስተምራል እንዳትሉኝ! እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱኝ።

በክረምት አጎቴ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲወጣ ላፕቶፑንና አንድ ፍላሽ ይዞ ወደ ቤታችን መጣ። ፍላሹ ውስጥ ስታር ትሬክ የሚባል ፊልም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁ አይሰማም። ደግነቱ እንግሊዝኛውም በደንብ ስለማይገባን ብዙ አልቀረብንም። አጎቴ እያቆመ በኦሮምኛ ይተረጉምልን ነበር። መብራት ሲሄድ ደግሞ የቀረውን በአፉ ይተርክልናል።

ስታር ትሬክ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ይህም ማለት ታሪኩ የፈጠራ ቢሆንም መነሻው የሳይንስ ሐሳብ ነው። መጀመሪያ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1966 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ይሆናል። የጀመረው ሰው ጂን ሮደንቤሪ ይባላል። ኢንተርፕራይዝ በምትባል መንኮራኩር የተለያየ አገር ሰዎች፣ እንዲሁም ጆሮው ሹል የሆነው ስፖክ፣ አብረው ከዋክብትን ያስሳሉ። የመልእክት መኮንኗ ኡሁራ አፍሪካዊት ናት። ስሟም የመጣው ኡሁሩ ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ነፃነት ነው። አሁን ወደ ምወዳቸው ክፍሎች ልለፍ።

1ኛ. ትሪብሎች ያመጡት ጣጣ

ይህ ክፍል በ1967 እ.ኤ.አ. የታየ ሲሆን በጣም ያስቃል። ትሪብል ማለት ፀጉራም ኳስ የምትመስል ትንሽ እንስሳ ናት። ስትዳብሷት ደስ የሚል ድምፅ ታሰማለች። አንድ ነጋዴ ለኡሁራ አንዷን ይሰጣታል። ከዚያማ ምኑ ይወራል! ትወልዳለች፣ የተወለዱትም ይወልዳሉ። መንኮራኩሯ በትሪብል ትሞላለች። በመጨረሻ ካፒቴን ኪርክ የእህል ማከማቻውን ሲከፍት እህሉን ጨርሰው የጠገቡ ትሪብሎች ከላይ ይዘንቡበታል።

ስፖክ ቁጥራቸውን ሲያሰላ 1,771,561 ናቸው ይላል። እኔ ውሸት መስሎኝ ደብተሬን አውጥቼ ሠራሁት። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አንዷ በየ12 ሰዓቱ 10 ትወልዳለች። ስለዚህ በ12 ሰዓት ውስጥ 1 የነበረው 11 ይሆናል። በቀጣዩ 12 ሰዓት 11 ሲባዛ በ11፣ 121 ይሆናል። ቀጥሎ 1,331፣ ከዚያ 14,641፣ ከዚያ 161,051፣ በመጨረሻ 1,771,561። በ3 ቀን ውስጥ 12 ሰዓት 6 ጊዜ አለ። ልክ ነው!

የሒሳብ መምህራችን ስለ ርቢ ሲያስተምሩን ምን ይሠራልናል ብዬ ነበር። አሁን ግን እናቴ ጎተራ ውስጥ አንድ ነቀዝ ስታይ ለምን እንደምትደነግጥ ገባኝ። የምትደነግጠው ለአንዱ ነቀዝ ሳይሆን ለሚከተለው ብዜት ነው።

2ኛ. በድንጋይ ውስጥ የምትኖረው እናት

ይህም በ1967 እ.ኤ.አ. የታየ ነው። በአንድ ፕላኔት ላይ ማዕድን ቆፋሪዎች እየተገደሉ ነው። ገዳይዋ ሆርታ የምትባል፣ ድንጋይን እንደ ቅቤ እየበሳች የምትሄድ ፍጡር ናት። ሁሉም ሊገድሏት ይፈልጋሉ። ስፖክ ግን በእጁ ዳስሷት ሐሳቧን ያነባል። ለካ እናት ናት! ቆፋሪዎቹ እንደ ተራ ድንጋይ የሚሰባብሯቸው ክብ ኳሶች እንቁላሎቿ ነበሩ። በመጨረሻ ይታረቃሉ። እሷ ከነልጆቿ ዋሻ ትቆፍራለች፣ እነሱ ማዕድኑን ይወስዳሉ። በጣም ያሳቀኝ ሐኪሙ ነው፤ ቁስሏን የደፈነው በሲሚንቶ ነው!

ለምን ሲሚንቶ? ሳይንሱ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሰውነት፣ የላሟም፣ የቡናውም ዋናው መሠረት ካርቦን ነው። ሆርታ ግን ከሲሊከን የተሠራች ናት። ሲሊከን በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ በብዛት ይገኛል። በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ከካርቦን ቀጥሎ ከሥሩ የተቀመጠ ሲሆን እንደ ካርቦን 4 ትስስር መፍጠር ይችላል። ስለዚህ የፊልሙ ደራሲ “ከሲሊከን የተሠራ ሕይወት ቢኖርስ?” ብሎ ጠየቀ። በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ሕይወት እስካሁን አልተገኘም።

በእኛ በወለጋም ማዕድን አለ። ዩብዶ በፕላቲኒየም፣ ነጆ በወርቅ ይታወቃሉ። ከዚህ ፊልም በኋላ ቁፋሮ ሲባል እዚያ ቀድሞ የሚኖረው ምን ነበር ብዬ አስባለሁ።

3ኛ. ዳርሞክ

ይህኛው ከሁሉም የምበልጥብኝ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ከዚያ በኋላ በተሠራ ሌላ ተከታታይ ፊልም የታየ ሲሆን ካፒቴኑ ፒካርድ ነው። መንኮራኩሯ ሁሉን ቋንቋ የሚተረጉም መሣሪያ አላት። ታማሪያን የሚባሉትን ሰዎች ሲያገኙ ግን መሣሪያው ቃላቱን ይተረጉማል፣ ንግግሩ ግን አይገባም። የሰው ስምና የቦታ ስም ብቻ ይጠራሉ። ለካ የሚናገሩት በተረታቸው ነው! ዳርሞክና ጃላድ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ነበሩ። በአንድ ደሴት ላይ አንድ አውሬ አብረው ተዋግተው ጓደኛ ሆኑ። ስለዚህ “ዳርሞክና ጃላድ” ማለት “ጓደኛ እንሁን” ማለት ነው። ተረቱን የማያውቅ ግን ምንም አይገባውም። የታማሪያኑ ካፒቴን ይህን ለማስረዳት ከፒካርድ ጋር አውሬ ያለበት ፕላኔት ላይ ይወርዳል። ፒካርድ ገባው፤ ሰውየው ግን ቆስሎ ሞተ።

ይህን ሳይ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለፊልሙ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ክፍላችን ከሩቅ ከተማ የመጣች ልጅ ገብታ ነበር። ኦሮምኛ አትችልም ነበር። አንድ ቀን ከመቀመጫዋ ሊያስነሷት የፈለጉ ልጆች “ደብተርሽ ቦታ ያዘብን” አሏት። እሷም “አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ” አለች። አማርኛውን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ብላኝ ማለት ምን እንደሆነም እናውቃለን። ተረቱን ግን አናውቅም። “ጅብ ብሉኝ አለች!” ብለን ሳቅን። ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት “ጅቦ” እያልን ጠራናት። እሷም መናገር አቆመች።

ዳርሞክን ካየሁ በኋላ፣ ትምህርት ሲከፈት ሄጄ “ያ ተረት ምንድን ነው?” አልኳት። መጀመሪያ ልቀልድባት መስሏት ዝም አለችኝ። በማግስቱ ግን ነገረችኝ። ጅብና አህያ ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ናቸው። ጅብ “ውሃውን አደፈረስሽብኝ” አላት። ውሃ ከታች ወደ ላይ አይፈስም! አህያም ሊበላት ሰበብ እንደሚፈልግ ገባትና “አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ” አለችው። ልጅቷ ያኔ የተናገረችው እውነት ነበር። እኛ ነን ያልገባን።

ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ነገር ግን የሳቅንባት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን አለበት ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት። አስፈቅጄያታለሁ፤ “ስሜን ግን እንዳትጽፍ” ብላኛለች። አሁን እኔ የአያቴን ተረቶች በኦሮምኛ እነግራታለሁ፣ እሷ የእሷን በአማርኛ ትነግረኛለች። አንጮቴም ቀምሳ ወዳዋለች።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ የሰው ንግግር ካልገባችሁ ከመሳቃችሁ በፊት “ተረቱ ምንድን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ ጥያቄ፦ አንዲት ትሪብል በየቀኑ 4 ብትወልድ፣ የተወለዱትም ከማግስቱ ጀምረው እንዲሁ ቢወልዱና አንዱም ባይሞት፣ ከ5 ቀን በኋላ ስንት ይሆናሉ? መልሱን ከነአሠራሩ በወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡ። ትክክለኛውን በሰልፍ ላይ እናነባለን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

የሳይንስ አምድ አዘጋጅ፣ ከ7ኛ ክፍል