ከሻምፓኝ ምድር ቤት እስከ ይፋት ቁልቁለት፦ የጠጅ አረፋ ሳይንስ

ከፓሪስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በማርን ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋው የሻምፓኝ ምድር ለጎብኚ የሚያሳየው ዋና ሀብት ከመሬት በላይ ካለው የወይን ተክል ይልቅ ከመሬት በታች የተፈለፈለው ነው። በሬምስ ከተማ ለግንባታ የሚሆን የጠመኔ ድንጋይ ሲወጣባቸው የኖሩት ጥልቅ ጉድጓዶችና በኤፐርኔ ከተማ ከወይን ጠጅ ነጋዴዎች ቤቶች ሥር የተቦረቦሩት ረጃጅም መተላለፊያዎች ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጠርሙሶች ለወራትና ለዓመታት የሚተኙባቸው ምድር ቤቶች ሲሆኑ፣ ክረምት ከበጋ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ የማይለቅ ቅዝቃዜ አላቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ሻምፓኝን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ኮረብታዎቹን፣ የንግድ ቤቶቹንና ምድር ቤቶቹን አንድ ላይ መዝግቧል፤ የመጠጡ አረፋም ከእነዚህ ከሦስቱ ተነጥሎ ሊገለጽ አይችልም።

ይህ የፈረንሳዮች ጉዳይ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ መስሎ ቢታይም፣ ጠጅና ሻምፓኝ በኬሚስትሪ ረገድ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱንም የሚሠራቸው እርሾ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ስኳርን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይለውጣል። ታዲያ አንዱ ቡሹን በኃይል አስፈንጥሮ የሚወጣበት፣ ሌላው ግን በብርሌ ሲቀዳ ምላስን ነካ አድርጎ ብቻ የሚያልፍበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በዕቃው፣ በቅዝቃዜውና በአየሩ ግፊት ውስጥ ሲሆን፣ ሦስቱን በአንድ ቀን ጉዞ ለማየት ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ እንደሚወርደው መንገድ የሚመች ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

አስቀድሞ ሂሳቡን መመልከት ያስፈልጋል። ማር ከክብደቱ ከመቶ ሰማንያ እጅ ገደማ ስኳር ነው፤ ይህም በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉት፣ እርሾ ያለ ችግር የሚመገባቸው ቀላል ስኳሮች ናቸው። እርሾው 180 ግራም ግሉኮስ ሲበላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ማለትም ከስኳሩ ግማሽ የሚያህለው ክብደት ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ከመቶ አሥር እጁ አልኮል የሆነ አንድ ሊትር ጠጅ እዚህ ደረጃ እስኪደርስ ድረስ ወደ 75 ግራም የሚጠጋ ጋዝ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ አየሩ ሳሳ ባለበት በደብረ ሲና ቢጠራቀም ከ50 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። አንድ መቶ ሊትር የሚይዝ ጋን ደግሞ ከአምስት ሺህ ሊትር በላይ ጋዝ ይተነፍሳል ማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በመሆኑም ብዙ ጋኖች በአንድ ጊዜ በሚብላሉበት በጠባብና መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ መተኛት ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው፤ ይህንን ጠጅ የሚጥሉ ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

በባህላዊው አሠራር ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ከዚያም ማርና ውኃ ተበርዞ ይጨመርበታል። ብርዙ ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ የተቀቀለ ጌሾ ይገባበታል፤ ጌሾው ለጠጁ ምሬት ይሰጠዋል፣ መብላላቱንም ያግዛል። የጋኑ አፍ በጨርቅ ወይም በክዳን ቢሸፈንም ጋዝን አያግድም፤ ስለዚህ ጋዙ በተፈጠረ ቁጥር ሽቅብ ይወጣል። ሞገሴ አሸናፊ የተባሉት የኢትዮጵያ የማይክሮባዮሎጂ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ጠጅን በቤተ ሙከራ ሲመረምሩ በውስጡ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የተባለውን እርሾ ከሌሎች የእርሾ ዓይነቶች ጋር፣ ከእነሱም ጎን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን አግኝተዋል። የመጀመሪያው እርሾ በሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥም የሚሠራው ያው ነው። ባክቴሪያዎቹ ግን ለጠጅ ኮምጠጥ የሚል ጣዕም ይሰጡታል፤ የእርሾውና የባክቴሪያው ድርሻ ከጋን ጋን ስለሚለያይም በአንድ ሰፈር የተጣለ ጠጅ ከጎረቤቱ ጋር ሳይመሳሰል ይቀራል።

ሻምፓኝ በበኩሉ አረፋውን ያገኘው ታስቦበት አልነበረም። የሻምፓኝ ምድር ከምድር ወገብ 49 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን የሚርቅ፣ በፈረንሳይ ውስጥ ወይን ከሚበቅልባቸው ቀዝቃዛ አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ፣ በመከር የተጨመቀው ወይን ገና ስኳሩን ሳይጨርስ የክረምቱ ብርድ ይደርስበትና እርሾው ያንቀላፋል፤ ጸደይ ሲመጣ ይነቃና ሥራውን ይቀጥላል። ይህ በጠርሙስ ውስጥ ሲሆን ጋዙ መውጫ ያጣል። በሃውትቪሌር ገዳም የጓዳ ኃላፊ የነበሩት መነኩሴ ዶም ፔሪኞን (እ.ኤ.አ. ከ1638 እስከ 1715) ይህን አረፋ ፈጠሩ እየተባለ ቢነገርም፣ እውነቱ ከዚህ የራቀ ነው፤ በዘመናቸው አረፋ እንደ ጉድለት የሚታይ ሲሆን የመነኩሴው ትልቅ ሙያ ከተለያዩ ማሳዎች የመጣውን ወይን አስማምቶ ማዋሐድ ነበር። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሜሬት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1662 ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ነጋዴዎች ስኳር እየጨመሩ ወይንን አረፋማ እንደሚያደርጉት ገልጿል። በእንግሊዝ ይህ የተቻለው በድንጋይ ከሰል ምድጃ የተሠራው ብርጭቆ ከፈረንሳዩ በእንጨት እሳት ከተሠራው ይበልጥ ጠንካራ ስለነበረ ነው።

ጠንካራ ጠርሙስም ቢሆን የማይችለው ልክ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሻምፓኝ ምድር ቤቶች አንዱ ጠርሙስ ሲፈነዳ ጎረቤቱን እየሰበረ ብዙ ምርት ይጠፋ ነበር፤ ሠራተኞችም ፊታቸውን በብረት ጭምብል ሸፍነው ይገቡ ነበር። ለዚህ ችግር መላ ያገኘው ወይን አምራች ሳይሆን ዣን ባቲስት ፍራንስዋ የተባለ የሻሎን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1836 ያወጣው ስሌት በወይኑ ውስጥ የቀረውን ስኳር ለክቶ፣ ለሁለተኛው መብላላት የሚጨመረውን ስኳር በልኩ ለመወሰን አስቻለ። ዛሬ በአንድ ሊትር 24 ግራም ገደማ ስኳር ይጨመራል፤ ከዚህም ወደ 12 ግራም የሚጠጋ ጋዝ ይወጣና በምድር ቤቱ ቅዝቃዜ ከአየር ግፊት ስድስት እጥፍ የሚደርስ ግፊት ይፈጥራል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በሻምፓኝም ቢሆን በመጀመሪያው መብላላት የሚወጣው ብዙው ጋዝ እንደ ጠጁ ሁሉ ወደ አየር የሚበተን መሆኑ ነው፤ በጠርሙሱ የሚታሠረው ከኋላ የመጣው ትንሹ ክፍል ብቻ ነው።

የይፋት ቁልቁለት ትርጉም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ጣርማ በር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ዋሻ ያለበት የተራራ አፋፍ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ደብረ ሲና ከእሱ በታች በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች። በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት 100 ነው ቢባል በሸዋ ሮቢት 86፣ በደብረ ሲና 72 ገደማ ሲሆን በጣርማ በር ከ70 በታች ይወርዳል። ይህን ለማየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጣርማ በር ላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሚገባ ከድኖ ወደ ታች የወሰደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጠርሙሱ ተጨምድዶ፣ ውስጡ ካለው አየር መጠን አንድ ስድስተኛ ያህሉ ተቀንሶ ያገኘዋል።

እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 ያቀረበው ሕግ፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው የጋዝ መጠን ከፈሳሹ በላይ ካለው የዚያው ጋዝ ግፊት ጋር አብሮ እንደሚጨምርና አብሮ እንደሚቀንስ ይገልጻል። በዚህ ሕግ ብቻ የሚፈርድ ሰው የደብረ ሲና ጠጅ ከሸዋ ሮቢቱ ያነሰ ጋዝ ይይዛል ብሎ ይደመድማል፤ ግን ተሳስቷል። ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ከሞቃት ፈሳሽ ይልቅ በብዛት ይሟሟል። ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ዘጠኝ ዲግሪ የሚያህል ልዩነት ይጠበቃል፤ ቀን በቆላው ፀሐይ የሚግል ቤትና ደጋ ላይ ያለ ጥላ የበዛበት ጓዳ ሲነጻጸሩ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። የደብረ ሲናው ጓዳ 15፣ የሸዋ ሮቢቱ 28 ዲግሪ ቢሆኑ፣ በውኃ መሟሟት ሲሰላ፣ መብላላቱን እየጨረሰ ያለ ጠጅ በደብረ ሲና በሊትር 1.4 ግራም፣ በሸዋ ሮቢት 1.1 ግራም ያህል ጋዝ ይይዛል። ቅዝቃዜው የሳሳውን አየር ጉድለት ሞልቶ ትርፍ አምጥቷል ማለት ነው። ሻምፓኝ ቅዝቃዜን ፍለጋ ወደ ምድር ውስጥ ሲቆፍር ደብረ ሲና ያለ ቁፋሮ በተራራዋ ከፍታ አግኝታዋለች፤ የሻምፓኝ ምድር ለመፈልፈል የሚመች ለስላሳ ጠመኔ ሲሆን የጣርማ በር ተራራ ግን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ነውና እንዲህ መሆኑ መልካም ነው።

ይሁንና 1.4 ግራም ከ75 ግራሙ ሲመዘን ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ለዚህም ነው ጠጅ በብርሌ ሲቀዳ ለስላሳ የሚሆነው። የብርሌ አንገት ጠባብ መሆኑ ከአየር ጋር የሚገናኘውን ገጽታ አሳንሶ የቀረውን ጋዝና መዓዛ ጥቂት ያቆየዋል። አረፋው ራሱ ከየት እንደሚነሣ በሬምስ ዩኒቨርሲቲ ዤራር ሊዤ ቤሌር የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ ለዓመታት አጥንተዋል፤ እንደ ጥናታቸው አረፋ ብርጭቆውን ከጠረገው ጨርቅ ወይም ከአየር በመጡ ደቃቅ ክሮች ውስጥ ከታሠረች እንጥፍጣፊ አየር ይጀምራል እንጂ ከፈሳሹ መሐል እንዲያው አይፈልቅም። ያልተጣራ ጠጅ የሰም ቅንጣት፣ የአበባ ዱቄትና የጌሾ ብናኝ ስላለበት ለአረፋ መነሻ የሚሆን ቦታ ሞልቶታል፤ በዚህም ምክንያት ጋዙ ሳይቆይ ተራግፎ ያልቃል። ከጋኑ ሥር የሚቀረው አንቡላም ይህንኑ ሥራ ያግዛል።

በይፋት ከአልኮል የሚርቅ ሙስሊም ሕዝብ ብዙ በመሆኑ የአካባቢው አረፋማ መጠጥ ጠጅ ብቻ አይደለም። ብርዝ ሳይብላላ የሚጠጣ ሲሆን፣ ከተቆላ ገብስ፣ ከስኳርና ከእርሾ የሚዘጋጀው ቀሪቦ ግን አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ስለሚቀርብ እርሾው ገና በሥራ ላይ እያለ ይጠጣል፤ ጋዙም ስላልተራገፈበት ከጠጅ ይልቅ ሕያው አረፋ የሚታይበት ይህ መጠጥ ነው።

በአንኮበር የሸዋ ነገሥታት ግብር ላይ የክብር መጠጥ የነበረው ጠጅ እስካሁን በአብዛኛው በዓይን፣ በምላስና በልምድ ብቻ እየተለካ መቆየቱ ያስቆጫል። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ አቅርቧል፤ የማር ጠጅም እንደ ወይን ጠጅ ሁሉ ሙቀቱና ስኳሩ ሊለካና ሊመዘገብ ይገባዋል። አረፋማ ጠጅ በጠርሙስ ለማሸግ የሚያስብ ሰው ካለ ስሌቱ የሚከተለውን ይመስላል። በደብረ ሲና ስኳሩን ፈጽሞ የጨረሰ ጠጅ በሊትር ስምንት ግራም ስኳርና ትኩስ እርሾ ተጨምሮበት ቢታሸግ ወደ አራት ግራም ተጨማሪ ጋዝ ያገኛል፤ በ15 ዲግሪ የጠርሙሱ ውስጣዊ ግፊት የባሕር ጠለል አየር ግፊት 2.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። ያው ጠርሙስ በመኪና ወርዶ በሸዋ ሮቢት 28 ዲግሪ ሲደርስ አንዲት ቅንጣት ስኳር ሳይጨመርበት ግፊቱ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። በጠጁ ውስጥ በሊትር 20 ግራም የማር ስኳር ሳይታወቅ ቀርቶ ከሆነና ሙቀቱ እርሾውን ቀስቅሶ ካስጨረሰው ግን ግፊቱ ከ11 እጥፍ ያልፋል፤ ይህም ለተራ የቢራ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ፍንዳታ ነው። በደጋ ብርድ ያረፈ ጠጅ የጨረሰ ይምሰል እንጂ እርሾው አንቀላፍቶ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የፈሳሽን እፍግታ በመንሳፈፍ የሚለካው ሃይድሮሜትር በደብረ ሲና የሚያሳየው ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ከዚያው ጋን የተቀዳ ናሙና አስቀድሞ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ አፉ ላላ ብሎ በቆላው ሙቀት ተቀምጦ፣ ለተከታታይ ቀናት ቁጥሩ ሳይለወጥ ሲገኝ ነው የቀረው ጠጅ ሊታሸግ የሚችለው።