ፎቅ ቤት በባሕር ላይ፦ የመዝናኛ መርከብ ለምን አይገለበጥም? መቼስ ይገለበጣል?

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ አንዲት አክስቴ ስልክ ደወሉልኝ። በአሜሪካ የሚኖሩት ልጆቻቸው የእናታቸውን ሰባኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ የካሪቢያን ደሴቶችን በሚዞር የመዝናኛ መርከብ ሊያሳፍሯቸው ትኬት ቆርጠውላቸዋል። አክስቴ ከጣና ሐይቅ የሰፋ ውሃ አይተው አያውቁም። የመርከቡን ፎቶግራፍ ግን በሚገባ ተመልክተውት ኖሮ፣ «አንተ ልጅ፣ ፊዚክስ ተምሬያለሁ ትላለህ፤ ይህን ሁሉ ፎቅ ተሸክሞ፣ ከውሃው በታች ግን ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይኖረው፣ እንዴት ነው የማይገለበጠው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በስልክ የሰጠሁት መልስ የችኮላ ስለ ነበር ራሴንም አላረካኝም። በዚህ ጽሑፍ ያንኑ ጥያቄ በጥሞና እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መንሳፈፍ ጥቂት እንበል። የአርኪሜዲስን መርህ አንባብያን ከትምህርት ቤት ያስታውሱታል፦ በውሃ ውስጥ የገባ አካል የገፋውን ውሃ ክብደት በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። የጣና ታንኳ የሚንሳፈፈው የተሠራበት ደንገል ራሱ ከውሃ ስለሚቀል ነው፤ ስለዚህ ታንኳን ብንበሳው አይሰጥምም፣ ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል እንጂ። የብረት መርከብ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ስለ ያዘ ብቻ በመሆኑ፣ የተቦረቦረ ቦታው በውሃ ከተሞላ ብረቱ ብረት ነውና ይሰጥማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው «አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» የተሰኘ መርከብ 248,663 «ግሮስ ቶን» ነው ሲባል ጋዜጦች ክብደቱ አድርገው ይጽፉታል። ስሕተት ነው። ይህ ቁጥር የመርከቡን የተዘጋ ክፍል ስፋት እንጂ ክብደቱን አያመለክትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በማንኛውም ተንሳፋፊ አካል ላይ ሁለት ኃይሎች ይሠራሉ። አንደኛው በስበት ማዕከሉ በኩል ወደ ታች የሚስበው ክብደቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከውሃ በታች ባለው ክፍል ማዕከል በኩል ወደ ላይ የሚገፋው የውሃው ኃይል ነው። ብዙ ሰዎች፣ ተማሪዎቼ ጭምር፣ መርከብ እንዳይገለበጥ የስበት ማዕከሉ ከሁለተኛው ማዕከል በታች መሆን አለበት ብለው ያስባሉ። እንዲያ ቢሆን ኖሮ አንድም የመዝናኛ መርከብ ከወደብ ባልወጣ ነበር። ምስጢሩ ያለው መርከቡ ሲያዘነብል በሚሆነው ነገር ላይ ነው። መርከቡ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል በቀኝ በኩል ተጨማሪ አካሉ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በግራ በኩል ደግሞ ይወጣል፤ ስለዚህ የግፊቱ ማዕከል ወደ ቀኝ ይሸሻል። ከዚህ ከሸሸው ማዕከል ወደ ላይ መስመር ብናሰምር የመርከቡን የመካከል መስመር የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። ያ ነጥብ ሜታሴንተር ይባላል። የስበት ማዕከሉ ከሜታሴንተሩ በታች እስከ ሆነ ድረስ ሁለቱ ኃይሎች ተባብረው መርከቡን ወደ ነበረበት ይመልሱታል፤ በላይ ከሆነ ግን ያንኑ መርከብ ጨርሰው ይጥሉታል።

በቁጥር እንየው። ከጥቂት አንቀጾች በኋላ የምናገኘው «ኮስታ ኮንኮርዲያ» የተባለ መርከብ ወርዱ 35.5 ሜትር ሲሆን ወደ ውሃው የሚጠልቀው 8.2 ሜትር ያህል ነበር። ለቀላልነት ሲባል መርከቡን እንደ ሣጥን ብንቆጥረው፣ ሜታሴንተሩ ከግፊት ማዕከሉ በላይ የሚገኝበት ርቀት ወርዱ በራሱ ተባዝቶ ለጥልቀቱ 12 እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 12.8 ሜትር ይሆናል። የግፊት ማዕከሉ ከታችኛው ወለል በ4.1 ሜትር ላይ ስለሚገኝ፣ ሜታሴንተሩ ወደ 17 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይቀመጣል ማለት ነው። እውነተኛ መርከብ ሣጥን ስላልሆነ ቁጥሩ ጥቂት ይለወጣል። ነገር ግን የስበት ማዕከሉ ከውሃው ወለል በላይ እንኳ ሆኖ መርከቡ ሊጸና እንደሚችል ለማየት ይበቃናል። ሞተሩ፣ ነዳጁና የውሃ ጋኖቹ ከታች፣ ቀላሉና አብዛኛው አየር የሆነው የመኝታ ክፍል ደግሞ ከላይ ነው። ደግሞም ወርዱ በራሱ እንደሚባዛ ልብ ይሏል። መርከቡን የሚያጸናው ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱ ነው።

ታዲያ ሜታሴንተሩን የቻልነውን ያህል ለምን አናርቀውም? ርቀቱ በአራት እጥፍ ሲያድግ የመርከቡ የመወዛወዣ ጊዜ በግማሽ ያጥራል። ለምሳሌ ያህል በ20 ሰከንድ አንድ ጊዜ እንደ አልጋ ቀስ እያለ ይወዛወዝ የነበረው በ10 ሰከንድ እየተመለሰ ሰዉን ከወንበር ይጥላል። መሐንዲሱ ስለዚህ በምቾትና በጽናት መካከል ይደራደራል። አዛውንት የሚሳፈሩ ከሆነ፣ የመርከቡ አፍንጫና ጭራ እንደ ዥዋዥዌ ጫፍ ብዙ ስለሚነሡና ስለሚወድቁ፣ ከመካከልና ዝቅ ካለው ፎቅ ክፍል መምረጥ ይበጃል። ለአክስቴ ልጆችም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። ሰገነት ያለው ክፍል ተከራይተው ስለ ነበር ደስ አላላቸውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በመርከቡ ውስጥ ያለው ክብደት በቦታው እስከ ቆየ ድረስ ነው። እስከ አፉ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ መሄድ ይቻላል፤ በግማሽ የተሞላ ሰፊ ሳፋ ይዞ መሄድ ግን ምን ያህል እንደሚያስቸግር በድግስ ቤት እጅ ያስታጠበ ሁሉ ያውቀዋል። ሳፋው ጥቂት ሲያዘነብል ውሃው ሁሉ ወደዚያው ይሮጥና ያባብሰዋል። በሰፊ የመርከብ ወለል ላይ የተጠራቀመ ውሃም እንዲሁ ነው። ጉዳቱ በወለሉ ወርድ ኩብ ልክ ስለሚያድግ፣ ወለሉን በርዝመቱ መካከል በአንድ ግድግዳ ለሁለት ብንከፍለው ጉዳቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። የመኪና ማመላለሻ መርከቦች ወለል ግን ለመኪና ሲባል ግድግዳ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1987 «ሄራልድ ኦቭ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የፊት በሩ ሳይዘጋ ከቤልጂየሙ ዜብሩገ ወደብ ወጥቶ፣ ውሃ ወደ መኪናው ወለል ከገባ በኋላ በአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ተገለበጠ፤ 193 ሰዎች ሞቱ። ለእኛ ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 ከሳዑዲ አረቢያዋ ዱባ ወደ ግብፅ ሳፋጋ ይጓዝ በነበረው «አል ሰላም ቦካቾ 98» ላይ እሳት ተነሣ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ በወለሉ ላይ ተጠራቅሞ መርከቡን ገለበጠው፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ። እነርሱ ለመዝናናት የተሳፈሩ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ በባዕድ ሀገር ሠርተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ነበሩ። መርከቡ በ1970 ከተሠራ በኋላ ተጨማሪ የመንገደኛ ፎቆች ተገንብተውበት እንደ ነበርም ይታወቃል። ፎቅ ሲጨመር የስበት ማዕከል ከፍ እንደሚል አንባቢ አሁን ሳይነገረው ይረዳል።

ያው የሳፋው ጠባይ በትንሽ ጋን ውስጥም ጣጣ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 1,373 ሰዎችን የያዘው «ቫይኪንግ ስካይ» በኖርዌይ ዳርቻ በማዕበል ውስጥ ሳለ ሞተሮቹ በአንድ ላይ ጠፉ። የሞተሮቹ የቅባት ዘይት ዝቅ ብሎ ስለ ነበር፣ መርከቡ ሲወዛወዝ ዘይቱ ወደ አንድ ጥግ ሸሽቶ ፓምፑ አየር ሳበ። መርከቡ ወደ ዐለቱ እየተነዳ ሳለ መልሕቅ ጥሎ ሞተር አስነሣ፤ 479 ሰዎች አንድ በአንድ በሄሊኮፕተር ተነሡ።

ወደ «ኮስታ ኮንኮርዲያ» ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ከምሽቱ 3፡45 ገደማ፣ ካፒቴኑ ወደ ጣሊያኗ ጂልዮ ደሴት እጅግ አስጠግቶ ሲያልፍ መርከቡ ከዐለት ተጋጨ። 53 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቁስል በግራ ጎኑ ተከፈተ። መርከቡ ውሃ በማያሳልፉ ግድግዳዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ተያያዥ የሆኑ ሁለት ክፍሎች ቢሞሉ ተንሳፍፎ እንዲቆይ ነበር የታቀደው፤ በዚያች ሌሊት ከዚያ በላይ ክፍሎች ተሞሉ። ይሁን እንጂ እኔን የሚያስገርመኝ ከቁስሉ ይልቅ ጊዜው ነው። መርከቡን ለቅቃችሁ ውጡ የሚለው ትእዛዝ የተሰጠው ከግጭቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ለተሳፋሪዎች ግን የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው ተብሎ ተነገራቸው።

ይህች ሰዓት ለምን ወሳኝ እንደ ሆነች ፊዚክሱ ይነግረናል። የነፍስ አድን ጀልባዎች ከመርከቡ ጎን በገመድ ይወርዳሉ። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ማውረጃቸው መርከቡ እስከ 20 ዲግሪ አዘንብሎ እንኳ መሥራት አለበት። ከዚያ ካለፈ ወደ ላይ በተነሣው ጎን ያሉት ጀልባዎች የመርከቡን ግድግዳ እየፋቁ ይወርዳሉ ወይም ይጣበቃሉ፤ በሌላው ጎን ያሉት ደግሞ ከመርከቡ ርቀው ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ ጀልባው ለሁሉም ይበቃል ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሰጥም የጀልባዎቹ ቦታ 1,178 ነበር፣ ሰዉ ግን ከ2,200 በላይ፤ ያ ጉድለት ከዚያ ወዲህ ታርሟል። በጂልዮ ጎድሎ የነበረው ጀልባ ሳይሆን ጀልባው የሚወርድበት ጊዜ ነበር። ከ4,229 ሰዎች 32ቱ ሞቱ፤ ካፒቴኑም በ2015 የ16 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በዚያው ምሽት ከቺቪታቬክያ ወደብ የተሳፈሩ መንገደኞች የአደጋ ጊዜ ልምምድ አላደረጉም ነበር። ይህም ሕግ መጣስ አልነበረም፤ ልምምዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደረግ ነበርና የሚለው ደንቡ። ከ2015 ጀምሮ ግን መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደ ተነሣ ወዲያው መደረግ አለበት። ሰባት ወይም ከዚያ በላይ አጫጭር ድምፆችና ከዚያ አንድ ረጅም ድምፅ ሲሰማ ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያ መሄድ ነው። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ዘመን ከጀርመን ወደ ስዊድን በመርከብ ስሻገር፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንድም ጊዜ አላነበብሁትም። የሜታሴንተርን ቀመር ግን በቃሌ አውቀው ነበር።

ከመርከብ የሚወድቁ ሰዎችም አሉ። የሰገነቱ አጥር ቁመት አንድ ሜትር ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ነው። የቆመ ሰው የስበት ማዕከል ከእምብርቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ 1.80 ሜትር ለሚረዝም ሰው እንኳ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። አጥሩ የሚጠብቀን ከዚህ ነጥብ በላይ እስከ ሆነ ድረስ ነው፤ ለፎቶግራፍ ወንበር ላይ የወጣ ወይም አጥሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የራሱን የስበት ማዕከል ከአጥሩ በላይ አድርጎታል። ከ20 ሜትር ከፍታ የወደቀ ውሃው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ቢተርፍ ውሃ ሙቀትን ከአየር ይልቅ ወደ 24 እጥፍ አብልጦ ስለሚያስተላልፍ፣ ጃኬት የለበሰ ሰው ከመዋኘት ይልቅ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ መጠበቅ ይሻለዋል።

አክስቴ በየካቲት ተመልሰው ደወሉልኝ። ስለ ባሕሩ ቀለም፣ ስለ ደሴቶቹ ስጠይቃቸው ቸኩለው አለፉት። ከመኝታ ክፍላቸው እስከ መሰብሰቢያ ጣቢያው 64 ደረጃ መሆኑን፣ ሊፍቱ በአደጋ ጊዜ እንደማይሠራ ስለ ተነገራቸውም በየማለዳው ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲወርዱና ሲወጡ መሰንበታቸውን ግን ሳይሰለቹ አጫወቱኝ።