ወርኃ ጽጌና የወባ ወቅት፦ የካህናትና የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወርኃ ጽጌ ምድር በአበባ የምታጌጥበት ቢሆንም፣ በሀገራችን ወባ የሚበረታበት ወቅትም ነው። ዝናሙ ሲያባራ በየጉድጓዱና በየከብቱ ኮቴ ያቆረው ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናልና። በሽታው የቆላ ብቻ አይደለም፤ በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. የዘለቀው ወረርሽኝ እስከ ደጋማው አካባቢ ወጥቶ 150,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል።

ይህ ወቅት ከአምልኮ ሥርዓታችን ጋር በሦስት ነገሮች ይገናኛል።

የመጀመሪያው ሌሊቱ ነው። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት በመሆኑ፣ በማኅሌተ ጽጌ የሚያድሩ ሁሉ እጅና እግራቸውን ሸፍነው ይገኙ። ከሩቅ መጥተው በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን የሚያድሩ ምእመናንም አጎበር እንዲይዙ አስቀድሞ በዐውደ ምሕረት ይነገር።

ሁለተኛው ጾሙ ነው። ፋልሲፓረም ለተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት የሚታዘዘው ኮአርተም በ3 ቀናት 6 ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ በሚገባ ከሰውነት የሚዋሐደው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ጿሚው ሕመምተኛ ግን ባዶ ሆዱን ሊውጠው ወይም የጠዋቱን ሊያሳልፈው ይችላል። ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን በጾም አታስገድድም፤ ሆኖም ምእመኑ ይህን ከንስሐ አባቱ አንደበት ካልሰማ ልቡ አያርፍም። በዘይት የተሠራ የጾም ምግብም ለመድኃኒቱ ያገለግላል።

ሦስተኛው ጠበሉ ነው። ጠበልና መድኃኒት አይቃረኑም፤ አደጋው መዘግየት ነው። ወባ በተለይ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ ፈጥኖ ስለሚጸና፣ ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በጤና ኬላ ደሙን ይመርመር። መድኃኒት የጀመረም ትኩሳቱ ስለ በረደ እንዳያቋርጥ አጥማቂ ካህናት ይምከሩት።

የትንኟ እንቁላል አድጎ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር በየሳምንቱ በቅጽሩና በአካባቢው ያቆረውን ውኃ ቢያፋስሱ፣ የውኃ በርሜሎችን ቢከድኑ፣ ከጠበሉ ለሚፈሰው ውኃም መውረጃ ቦይ ቢያበጁ፣ እጩ ትንኝ ሳይሆን ይጠፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አካፋ፣ ዶማና የአንድ ሰዓት ጉልበት ነው። ሥራው ግን ወረርሽኙን ሳይጠብቅ ከመስቀል በዓል አስቀድሞ ይጀመር።