«ባርና ሬስቶራንት»፤ አዋጁ የቱን ዘጋ? የቱን ተወ?

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የጋምቤላ ክልል ከ300 ሺሕ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠልሎ ነበር። ኩሌ፣ ተርኪዲና ጀዊን የመሳሰሉ ሰባት መጠለያዎች ባሉበት አገር የተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች አሉ። እነርሱ ባሉበት ደግሞ ከናይሮቢ፣ ከካምፓላ ወይም ከአውሮፓ ተቀጥሮ የመጣ ባለሙያ አይጠፋም። ይህ ሰው ቀኑን በአቧራና 40 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሲንቀሳቀስ ይውላል። ቤተሰቡ ሩቅ ነው። ማታ ማታ ያለችው መዝናኛ ከባሮ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ተቀምጦ ዓሣ ጥብስ መብላትና ቀዝቃዛ ቢራ መጠጣት ናት። አዋጁ ይህችኑ ነጠቀው፤ ምሬቱም ከዚሁ ተነሣ።

«አገር በወረርሽኝ ሲታመስ የፈረንጅ ቢራ ምን ጽሑፍ ያስፈልገዋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። ጉዳዩ ግን ከቢራው ያልፋል። በዚያ ምሬት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ነበር። አንዱ በሕግ መሠረት የሌለው «እኛን አይመለከተንም» የሚል አስተሳሰብ ነው። ሌላው ግን እኛው ባለአገሮቹ ልንጠይቀው ሲገባ ያልጠየቅነው ጥያቄ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ይጠቅማል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመጀመሪያው በሽተኛ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። በሳምንቱ የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች እንዲዘጉ፣ ከውጭ የሚገባ መንገደኛም በራሱ ወጪ ሆቴል ተለይቶ እንዲቆይ ተወሰነ። መጋቢት 14 ቀን የየብስ ድንበሮች ለሰው እንቅስቃሴ ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በተሰጠው ሥልጣን አዋጅ ቁጥር 3/2012ን አወጣ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በሁለት ቀን ውስጥ አጸደቀው።

አዋጁ ራሱ አጭር ነው። የትኛው መብት በምን ያህል እንደሚታገድ ዘርዝሮ አልተናገረም፤ ዝርዝሩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። በጊዜው ብዙ የሕግ ባለሙያዎች ይህንኑ ነቅፈዋል። ቅጣቱን ግን አልረሳም፤ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1 ሺሕ እስከ 200 ሺሕ ብር መቀጮ። ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012 መጠጥ ቤቶች፣ የምሽት ክበቦች፣ የጫትና የሺሻ ቤቶች አገልግሎት እንዳይሰጡ ከለከለ። ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ካፌዎች ግን ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ሆነ፤ በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ እንዳይቀመጥ፣ በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከልም ሁለት የአዋቂ ሰው እርምጃ እንዲኖር ታዘዘ። የአስቸኳይ ጊዜው በዓመቱ መገባደጃ ሲያበቃ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ መመሪያ ቁጥር 30/2013 ተተካ፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውና የርቀቱ ግዴታም በዚያ ቀጠለ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ሁሉ የውጭ ዜጋውን ይመለከተዋል ወይ የሚለው ነው። ሰማያዊ ሰሌዳ ያለው መኪና የሚነዳ ሰው የአገሩን ሕግ እንደ ዝናብ የሚያየው፣ በመስኮት የሚመለከተው ነገር አድርጎ ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የዲፕሎማቶችን መብት የደነገገው የ1961 እ.ኤ.አ. የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 41 ልዩ መብት ያለው ሁሉ የተቀባዩን አገር ሕግ የማክበር ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ያለመከሰስ መብት አለኝ ማለት ሕጉ አይመለከተኝም ማለት አይደለም፤ ፍርድ ቤት አትወስዱኝም ማለት ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞችን የሚመለከተው የ1946 እ.ኤ.አ. ስምምነት ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነው። መብቱ የተሰጠው ለድርጅቱ ጥቅም እንጂ ለግለሰቡ ምቾት አይደለም ይላል፤ ድርጅቱ የፖሊስ ደንቦች እንዲከበሩ ከአገሩ ባለሥልጣናት ጋር መተባበር እንዳለበትም ይጨምራል። መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በመደበኛው ይህ መብት እንኳ የለውም፤ በሕግ ፊት ከእኔና ከእርስዎ የተለየ ሰው አይደለም።

ጋምቤላ ላይ ይህ ነገር ታሪክ አለው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር ከ400 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። ውሉ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። ክረምት ክረምት ከካርቱም የሚመጣ የእንፋሎት መርከብ እዚያ ይቆም ነበር፤ ቡናችን በዚያ ወጣ፣ ሸቀጥም በዚያ ገባ፣ የግሪክ ነጋዴዎችም እዚያው ከተሙ። በቀሪው አገር ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ ዜጎች በተለየ ሥርዓት እንዲዳኙ አድርጎ ነበር። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. የጋምቤላው ጣቢያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በሕግ ደረጃ ነገሩ ያኔ አከተመ። በአስተሳሰብ ደረጃ ግን ከእንግዳውም ከእኛም ዘንድ ገና ጨርሶ የጠፋ አይመስለኝም፤ ፈረንጅ ሲገባ ጠረጴዛ የሚለቅለት ባለ ሆቴል ስንት አለ!

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን መናገር ይገባል። በመጋቢት 2012 በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ በውጭ ዜጎች ላይ ጥላቻ እየበረታ መሆኑን ጠቅሶ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። መንገድ ላይ «ኮሮና!» እየተባለ የተሰደበ እንግዳ ጥቂት አልነበረም። እዚህ ላይ ነው ሕገ መንግሥቱ የሚነግረን ትልቅ ነገር ያለው። በአስቸኳይ ጊዜ ሊነኩ የማይችሉ ጥቂት አንቀጾች አሉ፤ ከእነዚያ አንዱ አንቀጽ 25 ነው፤ ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው የሚለው። ስብሰባ ይታገዳል፣ ዝውውር ይታገዳል፤ እኩልነት ግን አይታገድም። ስለዚህ ለፈረንጁ የተለየ ጠረጴዛ አይዘጋጅለትም፤ በቀለሙ ምክንያት ከጠረጴዛ አይነሣምም።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ እውነት ወዳለበት ምሬት እንምጣ። ለአንድ የዕርዳታ ድርጅት በሕግ አማካሪነት ይሠራ የነበረ ወዳጄ በዚያ ሰሞን ስልክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ፤ «ሠራተኞቻችን ባርና ሬስቶራንት የሚል ሰሌዳ ያለው ቤት ገብተው፣ ሦስት ሆነው፣ ዓሣ አዝዘው ሁለት ሁለት ቢራ ቢጠጡ ጥፋት ነው ወይ?» ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንዱ ፖሊስ አልፎ ሄዷል፤ በማግሥቱ ሌላው ፖሊስ ቤቱን አዘግቷል።

የአገራችንን ንግድ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ደንቡ ቤቶችን የለያቸው በስማቸው ነው። በእኛ አገር ግን ባሩና ሬስቶራንቱ አንድ በር፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ አስተናጋጅ ነው ያላቸው። ሥጋ ቤቱ ቢራ ይሸጣል። ግሮሰሪው ጥብስ ያቀርባል። ሆቴሉ ሦስቱንም ነው። ቀን ሽሮ የበላንበት ጠረጴዛ ማታ ጠርሙስ ይደረደርበታል። ታዲያ አዋጁ የዘጋው የቱን ግማሽ ነው? ሰሌዳውን? መጠጡን? ሰዓቱን?

በዚህ ነገር ብቸኞቹ ግራ የተጋባን እኛ አይደለንም። እንግሊዞች በ2020 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር በአንዳንድ አካባቢዎች መጠጥ የሚሸጠው ከሙሉ ምግብ ጋር ብቻ ነው ብለው ደነገጉ። ሕዝቡና ሚኒስትሮቹ በሥጋ ተጠቅልሎ የሚጠበስ አንድ እንቁላል ሙሉ ምግብ ነው አይደለም እያሉ ቀናት ፈጁ። ሩዋንዳ በበኩሏ መጠጥ ቤቶችን ከመጋቢት 2012 ጀምራ ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ዘግታ ቆየች። ግን እንግሊዝ አገር ክርክሩ በጋዜጣና በምክር ቤት ነው የተካሄደው። ጋምቤላ ላይ ክርክሩ የተካሄደው በአንዲት የቤት ባለቤትና በአንድ ፖሊስ መካከል ነው፤ የክርክሩ አሸናፊ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቃል።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 2 ሕግ ያልደነገገውን ድርጊት በማመሳሰል ወንጀል ማድረግ አይቻልም ይላል። የዚህ መርሕ መንፈስ ሰው ከማድረጉ በፊት የተከለከለውን ማወቅ እንዲችል ነው። የሦስት ዓመት እስራትን የሚያህል ቅጣት ያለው ክልከላ «መጠጥ ቤት» በሚል ቃል ላይ ሲንጠለጠል፣ የቃሉን ወሰን የሚያበጀው በሩ ላይ የቆመው ሰው ይሆናል። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይሉ ነበር። ውኃው እንዲቆም ግን የት ላይ ቁም እንደተባለ ማወቅ አለበት፤ ያለዚያ ባሮን ማቆም ነው።

የውጭ ዜጋው ከዚህ የደረሰበት ጉዳት ምንድን ነው? ሲበዛ ሲበዛ ከግቢው ሳይወጣ፣ የቆርቆሮ ዓሣ እየበላ ሁለት ሦስት ወር ማሳለፍ። ደመወዙ አልተቋረጠም። ቢያማርር የሚሰማው አለቃ አለው፤ ኤምባሲም አለው። አስተናጋጇስ? ደንቡ አሠሪዎች የሠራተኛ ውል እንዳያቋርጡ ከልክሎ ነበር፤ መልካም ነው። ግን የእኛ አገር የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ በጽሑፍ የተደረገ ውል አላት? የምትኖረው በጉርሻ አይደለም? ውል የሌለው ሰው ውሉ ሊቋረጥበት አይችልም፤ እንዲሁ «ነገ አትምጪ» ይባላል። አረቄና ቦርዴ እየሸጠች ልጅ የምታሳድገው እናት ደግሞ ከናካቴው በንግድ መዝገብ ላይ የለችም። ስለ አዋጁ የተጻፉትን የእንግሊዝኛ ቅሬታዎች ብታገላብጡ እሷን አታገኟትም፤ በአማርኛ የተጻፉትም ላይ ብዙ አልተገኘችም። የፈረንጁ ቅሬታ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የእሱ የተበላሸ ምሽት የእሷ የተበላሸ ኑሮ ምልክት ነበር፤ የሁለቱም ምክንያት ያው ድፍን ያለ ቃል ነው።

ሌላም አለ። ደንቡ የተጻፈው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ በዓይነ ሕሊና የታየው ቤትም የቦሌ ቤት ይመስላል፤ በመስታወት የታጠረ፣ በሩ የተዘጋ፣ ሙዚቃው ከፍ ያለ። የጋምቤላ ብዙ ቤት ግን ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ ጠረጴዛውን የሚዘረጋው ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. 239 ሳይንቲስቶች በሽታው በአየር እንደሚተላለፍ ለዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ድርጅቱም አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ ያለው አደጋ ከፍ ያለ መሆኑን ቀስ በቀስ ተቀበለ። ይህ ከታወቀ በኋላ ዋናው ጥያቄ «ቤቱ ባር ነው ወይስ ሬስቶራንት?» መሆኑ ቀርቶ «ግድግዳ አለው ወይ? አየር ይገባዋል ወይ? ሰው ስንት ሰዓት ይቀመጥበታል?» መሆን ነበረበት። እርምጃ የለካ ሕግ ግድግዳ አልለካም። ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሦስት ሆነው የሚጠጡት ሲከለከሉ፣ በታፈነ አዳራሽ ጠረጴዛ አራርቀው ክትፎ የሚበሉት ተፈቀደላቸው።

መጋቢት 2012 ላይ ይህን ሁሉ ማንም አላወቀም፤ አርቃቂዎቹን በኋላ በመጣ ዕውቀት መውቀስ አልፈልግም። አምስት ወር ሙሉ፣ ከዚያም በመመሪያው ዘመን፣ ሳይታረም መቆየቱ ግን የሚያስወቅስ ነው።

ለምን ዛሬ ይህን አነሣሁ? በ2017 ዓ.ም. የኮሌራ ወረርሽኝ ከደቡብ ሱዳን ከሚሰደደው ሕዝብ ጋር ተያይዞ ጋምቤላ ላይ በርትቶ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ ማርበርግ ጂንካ ላይ መገኘቱ ተረጋገጠ። የሚቀጥለው በሽታ በየት በር እንደሚገባ ባይታወቅም ባሮ ዳር መድረሱ የማይቀር ነው። ኮሌራ የሚተላለፈው በውኃና በምግብ ነው፤ ለኮሌራ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ምንም አያደርግም፤ የሚያስፈልገው የታከመ ውኃ፣ ሳሙናና የታጠበ ብርጭቆ ነው። ለማርበርግ ደግሞ የታማሚውን ደምና ፈሳሽ አለመንካት ነው ዋናው። አንድ ዓይነት «መጠጥ ቤት ዝጋ» የሚል ትእዛዝ ለሦስቱም መድኃኒት ሊሆን አይችልም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 1 (ለ) ወረርሽኝ ሲከሰት ክልሎችም በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲያውጁ ይፈቅዳል። ትግራይ በመጋቢት 2012 ከፌዴራሉ ቀድማ ይህንኑ አድርጋለች። የጋምቤላ ክልልም ይህ ሥልጣን አለው። በሽታ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ረቂቁን ማዘጋጀት ይቻላል፤ ቤቶችን በሰሌዳቸው ሳይሆን በአየራቸውና በውኃቸው የሚለይ፣ ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ ሊያነበው የሚችል፣ በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛና በአማርኛ የተለጠፈ። የዕለት ገቢዋ ለሚቋረጥባት ሴት ምን እንደሚደረግ የሚናገር አንድ አንቀጽም ያስፈልገዋል። ረቂቁ ላይ ለመወያየት የዕርዳታ ድርጅቶቹ ተወካዮች መጠራታቸው አይቀርም፤ እነርሱ ሳይጠሩ የሚካሄድ ስብሰባ ጋምቤላ ላይ ብዙ የለም። ባለ ግሮሰሪዋም ትጠራ።