ያውቁ ኖሯል? ሳይጠሩት የሚናገር ረዳት

ቃሊቲ መናኸሪያ ደጃፍ ላይ ቆመው ወዴት እንደሚሄዱ ገና ሳይተነፍሱ የታክሲው ረዳት «ሳሪስ ነዎት? ስታዲየም?» ይልዎታል። ሰዓቱን፣ የያዙትን ዕቃና የቆሙበትን ጥግ አይቶ ነው የገመተው። በስልክና በቤት ውስጥ ድምፅ ማጉያ የሚሠሩት የድምፅ ረዳቶችም ይህንኑ ችሎታ ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ያውቁ ኖሯል? ወሬ የሚጀምር ማሽን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካው ኤምአይቲ ምሁር ጆሴፍ ዋይዘንባውም «ኤላይዛ» የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ በጽሑፍ ሰላምታ ሰጥቶ ሰው ችግሩን እንዲያጫውተው ይጋብዝ ነበር። የሚገባው ነገር አልነበረም፤ ሰዎች ግን ልባቸውን ከፍተው ያወሩት ነበር።

አፕል «ሲሪ»ን እ.ኤ.አ. በ2011 በስልኩ ውስጥ ሲያወጣ ረዳቷ የምትሰጠው የተጠየቀችውን ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን «ጉግል ናው» መጣና ማንም ሳይጠይቀው የመንገዱን መጨናነቅ፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የበረራውን ሰዓት ስልኩ ገጽ ላይ ይደረድር ጀመር። የአማዞኗ «አሌክሳ» ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባለቤቷ «ደህና እደሪ» ሲላት ሳሎን መብራት እንደበራ መቅረቱን ታስታውሰዋለች። ላጥፋው ወይ ብላም ትጠይቃለች። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ፣ ባለቤቱ ከፈቀደላት፣ ሳትጠይቅ ታጠፋዋለች።

ሻይ ቅጠል ሙቅ ውሃ ውስጥ ስንት ደቂቃ መቆየት አለበት ብለው አሌክሳን ቢጠይቋትስ? አምስት ደቂቃ ትልና ሰዓት ልያዝልዎ ወይ ብላ ታስከትላለች። አማዞን ይህን ችሎታ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ነው። በሙከራው ወቅት ግን የዶሮ ምግብ አሠራር ለሚጠይቅ ሰው የዶሮ ጩኸት ላሰማዎት ብሎ መቀጠል እንደማያስኬድ የኩባንያው ባለሙያዎች ራሳቸው ጽፈዋል። ሁለቱም ጥያቄ ውስጥ «ዶሮ» አለ፤ ማሽኑን ያሳተውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

እኛ ዘንድ ስሕተቱ በዚህ አያበቃም። ዓርብ ወይም ረቡዕ ቀን፣ ዐቢይ ጾምም ቢሆን፣ ለአንዲት የቃሊቲ እናት የዶሮ አሠራር ልንገርዎ የሚል ረዳት ምን ያህል ሩቅ አገር እንዳደገ ወዲያው ይታወቅበታል። ጎረቤቷ ደግሞ በረመዳን አፍጥር የሚሆንበትን ደቂቃ እንዲነግራት ትፈልጋለች። ፍላጎትን ቀድሞ ማወቅ ማለት የሰውን የቀን አቆጣጠር፣ ጾሙንና ገበያ የሚውልበትን ቀን ማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰዓቱንም እንደዚሁ። ከፈረንጅ ሰዓት ሌላ የማያውቅ ረዳት «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቀስቅሰኝ» ያሉትን ሰው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ያባንነዋል።

እነዚህ መሣሪያዎች ስማቸው እስኪጠራ ድረስ ጆሯቸውን ጥለው እንደሚጠብቁ ያውቁ ኖሯል? መሣሪያው ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ጥቂት ሰከንድ ድምፅ እየያዘ ይጥላል፤ መቀስቀሻ ቃሉን ሰማሁ ሲል ነው ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር የሚሄደው። ግን ሳይጠሩትም «አቤት» ይላል፤ ቴሌቪዥን ቀስቅሶት የሚነቃበት ጊዜ አለ። አምስት ስድስት ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት፣ አንድ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ቤት ነገሩ ይከብዳል። ረዳቱ ለልጅቷ ያዘጋጀውን ማስታወሻ ለአባቷ ጮክ ብሎ ቢያነብስ?

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንምጣ። በዚህ ዘርፍ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው ቁም ነገር ውድ ድምፅ ማጉያ አላስፈለገውም፤ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ በቅቶታል። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር 8028 የተባለውን ነፃ የገበሬዎች መስመር ከፈተ። ገበሬው ይደውላል፣ ቋንቋውን በቁጥር ይመርጣል፤ ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ በቆሎ፣ ስለ ገብስ የተቀረጸ ምክር በገዛ ቋንቋው ይሰማል። ማንበብ አይጠበቅበትም። ጥሪዎቹም በሚሊዮን ተቆጠሩ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ደዋዩ ሲመዘገብ ያለበትን አካባቢ ስለሚናገር መስመሩ ራሱ ወደ ገበሬው መልእክት መላክ ይችላል። ስንዴ ላይ ዋግ የተባለው በሽታ ሲታይ ወይም ዝናብ ሲያጥር አደጋው ያለበት አካባቢ ገበሬ ማስጠንቀቂያው በድምፅና በአጭር ጽሑፍ ይደርሰዋል። ዋግ ከታየ በኋላ ቀናት ዋጋ አላቸው፤ ገበሬው ደውሎ እስኪጠይቅ ቢጠበቅ ማሳው ሊያልቅ ይችላል። ከአቃቂ ወዲያ እስከ ዱከምና ቢሾፍቱ የተዘረጋው የጤፍና የስንዴ ሜዳ ላይ ለሚያርስ ሰው ይህ የመብራት ማጥፋት ጉዳይ አይደለም፤ የዓመት ቀለቡ ነው።

ደግሞ ያውቁ ኖሯል? አቃቂ ድምፅን በራዲዮ ወደ ሩቅ በመላክ ከአገሪቱ ፈር ቀዳጆች አንዷ ናት። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የተከለው የራዲዮ ጣቢያ እዚያ የተመረቀው በ1927 ዓ.ም. ነበር። ብዙም ሳይቆይ የዚያው አገር ጦር ወረረን። ራዲዮ ለሁሉም እኩል ይናገራል፤ አዲሶቹ ረዳቶች ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ነው የሚናገሩት፤ ስለዚህ ስለ ሰውየው አብዝተው ማወቅ ይሻሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ቋንቋችንን ማወቅ አለባቸው። አማርኛ በጉግል ትርጉም ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016፣ በድምፅ መጻፍ የተቻለው ደግሞ በ2017 ነው። ከዚያ ቀድመው ግን የእኛው ተመራማሪዎች ሥራውን ጀምረው ነበር። ሰሎሞን ተፈራ አባተ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ከ100 ተናጋሪዎች የተቀዳ የ20 ሰዓት የአማርኛ ንባብ አቅርቧል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ፊደላችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አይጽፍምና ማሽኑ «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ከዐውዱ መለየት አለበት።

በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ የመጣችው ሰው መሰሏ ሮቦት ሶፊያም አማርኛ እንድትናገር ተዘጋጅታ ነበር፤ በአእምሮዋ ግንባታ ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች እጃቸው አለበት። ስትመጣ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶባት እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል?

ዛሬ ሞዚላ የተባለው ድርጅት «ኮመን ቮይስ» በሚለው የድምፅ ማከማቻው አማርኛን ይቀበላል። ስልክ ያለው ሰው የሚታየውን ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ ሌሎች አዳምጠው ልክ ነው ወይም አይደለም ይላሉ። የተሰበሰበው ድምፅ ለማንኛውም ሠሪ በነፃ ክፍት ነው። ቃሊቲ ጉምሩክ ወረፋ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከወሎ ወይም ከጎጃም መጥቶ ፋብሪካ የገባ ወጣት፣ ጉሊት የተቀመጠች እናት፣ ሁሉም በየአነጋገራቸው ቢያነቡ ነገ የሚመጣው ረዳት የሚለምደው ከእነሱ አንደበት ይሆናል።