«እኔ» ማን ነው? የሌላውን ንግግር ማስተላለፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ



ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጣ ተማሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋው «ከበደ ታምሜአለሁ አለ» ቢል፣ የታመመው ከበደ መሆኑን ማንም አይስተውም። ይህንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሶ «ከበደ ሴድ ዛት አይ አም ሲክ» ሲል ግን በሽተኛው ራሱ ተማሪው ይሆናል። እንግሊዝኛ የሚሻው «ከበደ ሴድ ዛት ሂ ዎዝ ሲክ» ነው፤ መደቡ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ፣ ጊዜውም ወደ ኃላፊ ይዞራል።

የአማርኛው አነጋገር የሰውን ቃል እንዳለ መጥቀስ ብቻ አይደለም። «እንጨቱ አልነድ አለኝ» እንላለን፤ እንጨት አይናገርም፣ ሆኖም በ«አልነድ» ውስጥ ያለው «እኔ» እንጨቱ ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ካፕላን «እኔ» ምንጊዜም የወቅቱን ተናጋሪ ብቻ ያመለክታል ሲል፣ ፊሊፕ ሽለንከር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» የሚለውን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በመቃወሚያነት አቅርቧል።

እንግዲህ የተማሪው ስሕተት ከስንፍና ሳይሆን ከሥርዓት የመነጨ ነው። መፍትሔውም በአማርኛው ውስጥ ይገኛል። «ከበደ እንደሚመጣ ተናገረ» ስንል መደቡ እንደ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ነው። መምህሩ ከ«አለ» ይልቅ ከ«እንደ» ቢነሣ፣ ለተማሪው አዲስ የሚሆነው የጊዜው ለውጥ ብቻ ነው።

ነገሩ ከፈተና ነጥብ ያልፋል። «ጥፋተኛ ነኝ አለ» የሚለውን በችሎት ፊት ቃል በቃል የሚመልስ አስተርጓሚ፣ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያዞራል።